ዘጠኝ እርምጃ መሻገር ያቃተው ቃል

ቁጥር፦ ከመዝገብ ቤት የሚጠበቅ

ለክቡር አቶ አያሌው
የሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተደላደለ ወንበርና ባልነጠፈ የማኅተም ቀለም ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መሪጌታ ገብረኪዳን፣ ከጉና ሥር ባለች ደብር ዜማ የማስተምር፣ የሰባት ዓመቷ የዮርዳኖስ አባት ነኝ። ልጄ ከመስከረም ወዲህ አራት ጊዜ በሳንባ ምች ወድቃ እናንተ ዘንድ ተኝታለችና፣ እርስዎ ባያውቋት እንኳ አልጋዎችዎ ያውቋታል። በአደባባይ የጻፍኩልዎም ሦስቱ የታሸጉ ደብዳቤዎቼ እስካሁን መዝገብ ቤት ስላረፉ ነው።

አስቀድሜ ልጄን የሚያክሟት ዶክተር ሰላማዊት ያስረዱኝን ላካፍልዎ። በደማችን ውስጥ ሰውነታችንን የሚጠብቁ ነጭ ሴሎች አሉ። አንዱ የበሽታውን ቁራጭ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ቀርቦ፣ ገላ ለገላ ገጥሞ፣ በተነካኩባት በዚያች ትንሽ ቦታ መልእክቱን ይቀበላል፤ መልእክቱ እስኪጣራም ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ሳይላቀቁ ይቆያሉ። ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም፤ የዜማ ተማሪም ከመምህሩ ፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀምጦ ቃሉን ከአፍ ይቀበላል፣ እስኪታረምም አይነሳም። የልጄ ሴሎች ግን፣ ዶክተሯ እንደሚጠረጥሩት፣ ይቀራረቡና ነገሩን ሳይጨርሱ ይላቀቃሉ። ይህ የሚረጋገጠው ደሟ ሕያው እንዳለ፣ በተቀዳ በአንድ ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ካለው ቤተ ሙከራ ሲደርስ ነው። ያ ሳይታወቅ ሕክምናው አይመረጥም፤ አምስተኛ የሳንባ ምች ከመጣባት ትተርፋለች ብለውም ዶክተሯ ሊዋሹኝ አልፈለጉም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ባለፈው ጥር፣ ሠራተኞችዎ በአፍ ተነጋግረው ሥራ እንዳይሠሩ፣ በቃል የተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል የሚል ማስታወቂያ በማውጣትዎ እጅግ አመሰግናለሁ። የናሙና ክፍሉና የመኪና ስምሪት ክፍሉ በአንድ ኮሪደር ዳርና ዳር ፊት ለፊት የተያዩ ናቸው። በእግሬ ለክቼዋለሁ፤ ከበር እስከ በር ዘጠኝ እርምጃ ነው።

፪. የመጀመሪያው ደም ሐሙስ ተቀዳ። መኪና ይሰጠን የሚለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ወርዶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ከዘጠኙ እርምጃ ማዶ የደረሰው ሰኞ ነው። ደሙ በብልቃጡ ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን ጠብቆ ሞተ።

፫. በሁለተኛው ጊዜ፣ ማክሰኞ፣ ደሙም ተቀዳ፣ መኪናውም ተመደበ። ሆኖም ለስምሪት ክፍሉ ደሙ ስለመቀዳቱ፣ ለናሙና ክፍሉም መኪናው ስለመቆሙ በጽሑፍ የገለጸ ስላልነበረና የስምሪት ወረቀቱ አስቀድሞ ስለተፈረመ፣ ሾፌሩ ባዶ ሳጥን ጭኖ አዲስ አበባ ገባ። ባለቤቴ ወይዘሮ እመቤቴ በሁለቱ በሮች መካከል ቆማ ለሁለቱም ወገን ስትጮህ ነበር። በአፍ ነውና አልተቆጠረላትም። የናሙና ክፍሏ ወይዘሮ ጌጤ ያን ደም ሲደፉ እንባቸው ሲመጣ አይቻለሁ፤ የስምሪቱ አቶ ባዩም አንገታቸውን ደፍተው ነው የዋሉት። ሁለቱም ክፋት የለባቸውም፤ የእርስዎ ማስታወቂያ ግን አለባቸው።

፬. በመመለሻችን ላይ ዮርዳኖስ፣ ደሜ ሁለቴ ሞተ፣ እኔስ በስንተኛው ነው የምሞተው ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህኛው ምስጋና የለኝም፣ ክቡር ሆይ። ፈርቻለሁ፤ እጅግም ተቆጥቻለሁ።

የፊታችን ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ደም ይቀዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጄን በበቅሎ ይዘን ከጉና እንወርዳለን። የምለምንዎ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ሕንፃ አይደለም። ወይዘሮ ጌጤ ከወንበራቸው፣ አቶ ባዩም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮሪደሩ መሐል ተገናኝተው፣ አንዳቸው ተቀድቷል ሲሉ ሌላኛቸው ሰምቻለሁ እንዲሉ ብቻ ይፍቀዱላቸው።

እርስዎን ሌት ተቀን የሚጠብቁዎ ሴሎች ማስታወቂያዎ ስላልደረሳቸው፣ ዛሬም ሳያስፈቅዱ እየተነካኩ ይነጋገራሉ፤ እግዚአብሔር ይህንኑ ጤናዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማዕከልዎ የዘወትር ደጅ ጠኚ
መሪጌታ ገብረኪዳን

ግልባጭ፦
ለናሙና ክፍል
ለመኪና ስምሪት ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ለሕዝብ የሚነበበው እሑድ በደብራችን ዐውደ ምሕረት ነው። እስከዚያው ለወይዘሮ ጌጤ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ለአቶ ባዩ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ሰጥቻለሁ፤ ሙሉውን ማንበብ የፈለገ ዘጠኙን እርምጃ መራመድ ግድ ይሆንበታል። ተገናኝተው ሲነጋገሩ ካገኟቸው እንደ ደንቡ ይቅጧቸው። ቅጣቱን ግን አደራዎን በአፍ እንዳይነግሯቸው፤ በደብዳቤ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ይላኩላቸው። እስኪደርሳቸው የልጄ ደም አዲስ አበባ ይገባል።