ሀሊማና እኔ በሰልፉ ሳምንት

ረቡዕ

ባነሩን አወረድኩት። ሀሊማ ዱቄት ልታመጣ ስትወጣ ጠብቄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ገመዱን በቢላ ቆረጥኩና ከባዶ ጆንያዎቹ ኋላ ወሸቅኩት።  

ለእሑዱ የመንግሥት ድጋፍ ሰልፍ የታደለ ነው። ከቀበሌ ሲያመጡት ሀሊማ ተቀበለችና ሳትጠይቀኝ ትናንት ዳቦ ቤታችን በር ላይ ሰቀለችው። ቤቱ የሁለታችን ነው። ምድጃውን አብረን ገዛን። ስንዴው ከጎሮ የሚመጣው በሷ ዘመዶች ነው፣ ደንበኛ የማባብለው ደግሞ እኔ። ይህን ሁሉ ዓመት በእርሾና በማገዶ እንጂ በሌላ ነገር ተጣልተን አናውቅም። ፖለቲካ ሲነሳ አንዳችን ወደ ጓሮ እንወጣለን።

ስትመለስ በሩን አየች። "ማን ነው ያወረደው?" "እኔ" አልኳት። ወንድሜን ነስሩን ስብሰባ ላይ በተናገረው ነገር አስረው፣ ሳይከሱት ወራት አቆይተው የለቀቁ ሰዎችን በገዛ በሬ ላይ አላወድስም አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ዳቦ የሚገዙ ሁለት ሴቶች እየሰሙ፣ "ልጅሽስ ለማን ብሎ ነው ሊሞት የሄደው?" አልኳት።

ሙስጠፋ፣ የበኩር ልጇ፣ ወታደር ነው።

 ሽርጧን ፈታ ምስማሩ ላይ አንጠለጠለችና ሄደች። የቀረውን ሊጥ ብቻዬን ጋገርኩ። ግማሹ አረረ።

ሐሙስ

መጣች። ሌላ ቀን በኦሮምኛ ቀድማ እንዴት አደርሽ የምትለኝ እሷ ናት፤ ዛሬ እኔ አልኳት፦ "አካም ቡልቴ?" "ነጋ" አለች፣ ደህና ለማለት፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው፦ ጨዉ የታለ። እርሾ ሊያልቅ ነው። በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ይገባል።

ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ መጡ። አንዱ ጎረቤታችን ነው፣ ሌላውን አላውቀውም። ባነሩ የት ገባ አሉ።  የነስሩ እህት መሆኔን የማያውቅ የለም። ሀሊማ በአገጯ ወደኔ ብታመለክት አለቀልኝ።

እጇን ከሊጡ ሳታወጣ "ወርዷል" አለች።

"ማን አወረደው?" አለ የማላውቀው።

"ይሄ ቤት የሁለት ሰው ነው። ሳልጠይቃት ሰቀልኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ እሑድ እወጣለሁ፣ አምኜበት ነው የምወጣው። እሷን ግን ተዉልኝ። ተገዶ የወጣ ሰው ለናንተስ ምን ያደርግላችኋል?"

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ። "ስትጽፍ የኔንም ስም አብረህ ጻፈው" አለችው። ጎረቤታችን ሳቅ ብሎ ክንዱን ይዞት ወጣ።

"ሀሊማ..." አልኩ።

"ዳቦው ያራል" አለች።

ዓርብ

ዳቦ አልተሸጠም። ከጁምዓ መልስ ሁሌም ደጃችን ላይ ግፊያ ነው። ዛሬ ሰው ቆም ይልና አይቶን ያልፋል። እኔ በባነሩ መውረድ ያኮረፉ መስሎኝ ነበር። አንዲት ደንበኛችን ገብታ ስልኳን አሳየችኝ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ተለጥፏል፦ ሀሊማ በር ላይ ባነሩን ስትሰቅል። ከሥሩ "የካድሬ ዳቦ አትብሉ" ይላል። ብዙ ሰው ተቀባብሎታል።

ፎቶውን አወቅሁት። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ በንዴት ለነስሩ "የሀሊማን ጉድ እየው" ብዬ ልኬለት ነበር።

 ልንዘጋ ስንል ነገርኳት። "ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ልኬለት ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ከምድጃው በኩል ነው የተነሳው። ከምድጃው በኩል ካንቺ ሌላ ማን ይቆማል?"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። "ሰሚራ፣ ሙስጠፋ ከደወለ ሰነበተ" አለች። "ለማን ብሎ ነው አልሽኝ። እኔ ያንን ራሴን የማልጠይቅ ይመስልሻል? ግን ለከንቱ ነው ካልኩ ሌሊቱ እንዴት ይነጋልኛል? ለአገሩ ነው ብዬ ነው የምተኛው። ይሄን አትንኪብኝ።"

አልነካብሽም አልኳት። ምድጃው እስኪበርድ አብረን ተቀመጥን። ያልተሸጠውን ዳቦ ለጎረቤት አከፋፈልን፤ እሱን ማንም እምቢ አላለም።

ቅዳሜ

ጎባ ሄድኩ፣ ነስሩ ጋ። ስልክ የሚጠግንበት ቤት ውስጥ ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ።  እንዲወጡልን ለመንኳቸው።

"አውርደው" አልኩት።

"እኔ አይደለሁም የለጠፍኩት። ለጓደኞቼ ነው የላክሁት።"

"እንግዲያው ጓደኞችህን አውርዱ በላቸው።"

"ውሸት የተጻፈባት ነገር አለ? አልሰቀለችም?" አለኝ። "እኔ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ስተኛ እሷ ታጨበጭብ ነበር።"

"ታጨበጭብ ነበር፣ እውነት ነው። ነገም ታጨበጭባለች። አንተን ያሰሩህ በምን ነው? በአፍህ በተናገርከው። አንተስ የሷን እንጀራ የምትዘጋው በምንድን ነው?"

ፊቱ ተለዋወጠ። እኔን ከነሱ እኩል አደረግሽኝ አለ። አንቺም ተገዝተሻል አለ። ስለ ቀበሌ ሰዎቹና ስለ ሐሙሱ ነገርኩት። "ስልት ነው" አለኝ። "ውለታ ታስቆጥርብሻለች።" በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። ታናሽ ወንድሜ፣ ከሰፌድ ሥር ቁራሽ ዳቦ ደብቄ ያበላሁት ልጅ፣ ውጪ አለኝ።

ስመለስ ታክሲው ውስጥ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ አለቀስኩ። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ምን እንደሆንኩ ግን አልጠየቁኝም። ብጠየቅስ ምን እላለሁ? ሁለቱም የኔ ናቸው፣ ሁለቱም ቆስለዋል፣ መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

እሑድ

ሀሊማ አዲሱን ሻሿን አስራ በማለዳ መጣች። እስከ ሰልፉ ሰዓት ሊጥ አብራኝ አቦካች። ከዚያ እጇን ታጠበች።

"ቅር ይልሻል?" አለችኝ።

"ይለኛል።"

"እኔም አንቺ ስትቀሪ ቅር ይለኛል።"

"ሂጂ" አልኳት። "ዳቦው በኔ።"

ሄደች። ጭብጨባው እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማ ነበር። ደሜ ይፈላል። የነስሩን እስር እያሰብኩ ሊጡን ስደቁሰው ክንዴ ዛለ። በአንድ ጆሮዬ ግን የሷን ድምፅ ከመሀሉ እፈልግ ነበር፤ ግፊያ አለ ሲሉ ሰምቼ ፈርቼላት። በጭብጨባው እየተናደድኩ ላንዷ አጨብጫቢ መፍራት። ይህን ለማን አስረዳለሁ?

ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ ተመለሰች። እንዴት ነበር አላልኳትም። ሻይ ቀዳሁላት።

ማታ ቴሌግራሙን አየሁ። ፎቶው የለም። ነስሩ ግን አልደወለም፣ ስደውልም አያነሳም።

ሰኞ

ሰው መምጣት ጀምሯል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ያ ከኛ ሌላ ዳቦ አልበላም ይል የነበረው ሾፌር ከማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ሲገባ አየሁት። አይቶኝ አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ነስሩ በሩ ላይ ቆመ። ሀሊማ ቀድማ አየችው። እኔ ደነገጥኩ።

"ከስተሃል" አለችው።

"ሀሳቤን አልለወጥኩም" አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት።

"እኔም። ግባ፣ በር ላይ ቆመህ ብርድ አታስገባብኝ።"

ገባ። ይቅርታ አላለም፣ እሷም አልጠበቀችም። ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። እሱ እየበላ ስለ እስሩ ጠየቀችው። ከዚህ በፊት ጠይቃው አታውቅም። ነገራት። መሀል ላይ "ያለ ምክንያት ግን ሰው አይታሰር..." ብላ ጀምራ ነበር። ዓይኑ ሲቀላ አየሁ። ቃሏን ዋጠችው፤ ጨርሰህ ንገረኝ አለችው። ጨርሶ ነገራት። ከዚያ እሱ በተራው፣ ወለሉን እያየ፣ "ከልጅሽ ወሬ አለ?" አላት።

"የለም።"

"አላህ በሰላም ያምጣው።"

"አሚን" አለች። እኔም አልኩ።

ሄዷል። ሊታረቁ ነው ብዬ አላምንም፤ ነገ አንድ ነገር ከተፈጠረ ሁለቱም ወደየጎራቸው ይመለሳሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የኔ ወገን ሥልጣን ይዞ፣ የኔ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው "ማን ነው ያወረደው?" ቢሉኝ፣ እሷ ለኔ ያለችውን እኔ ለሷ እላለሁ? አዎ ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር አላውቅም።