ሦስተኛው አልጋ

ሰኞ
መጣች። ጸጉሯ በፀሐይ ቀልቷል፣ ክንዷ ጠቁሯል፣ አምሮባታል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እህቴ ሐያት የሙቀቱን ወራት ሙሉ ከባሏ ከከድር ጋር ኤሪ ሐይቅ ላይ፣ አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ውስጥ ነው የኖረችው። እሱ ወደቡ ላይ የሰው ሞተር ይጠግናል፣ እሷ ትዋኛለች። እኔ ካናል ዊንቸስተር ከተማ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ሳሽግ ከረምኩ። ታላቋ እኔ፣ ከኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ፣ መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ።

አሁን ብርዱ ሳይመጣ ጀልባዋን በቦይ ወደ ኒውዮርክ፣ ከዚያ በባሕር ወደ ሜሪላንድ ሊወስዷት ነው። እዚህ የመጣችው ልብስ ልታጥብና ስንቅ ልትገዛ ነው። ካርታ ምንጣፌ ላይ ዘርግታ፣ ጀልባዋ ሦስት አልጋ አላት አለችኝ። እነሱ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ለማን እንደሆነ አልተናገረችም። ብሞት አልጠይቃትም።

ማክሰኞ
እማዬ ከደሴ ደወለች። ለሐያት ዱዓ አደረገች፤ ውሃው እንዳይውጣት፣ ንፋሱ እንዳይጥላት። እኔን «አንቺ መቼም ደህና ነሽ» ብላ ዘጋችው። አዎ፣ እኔ መቼም ደህና ነኝ።

ሥራ ቦታ ከጎኔ የምታሽገው ሜሮን ስለ ሐያት ስነግራት፣ ቀንተሽ ነው አለችኝ ፊት ለፊት። ቀናሁ እንዴ? ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ያን አልጋ እፈልገዋለሁ።

ረቡዕ
ክፉ ሥራ ሠራሁ። ሞርስ ሮድ ላይ ካለው ከጋሼ ይማም ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገብቼ የሐያትን መንገድ አወራሁ። ወዲያው ዕቃ ትወስዳለች ወይ አሉ። ሰው ሌላ ከተማ ይሄዳል ከተባለ የኛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼው ነው። ቦታ የላቸውም ማለት እችል ነበር።

«እንዴታ! መርከብ እኮ ነው» አልኩ።

እትዬ ሰዓዳም ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ልጃቸው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አራስ ናት። እስኪ ትንሽ ትሸከም፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ
ሳሎኔም ዌርሃውስ ሆነ። በርበሬ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ የሕፃን ጋሪ ሳይቀር። ሐያት ለአንዱም እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ይሉኝታ ይገድላታል። እሺ እትዬ፣ አደርሳለሁ ጋሼ ስትል፣ እኔ ኪችን ሆኜ ሳቄን አፍናለሁ።

እራት ስንበላ ከድር ኮል አደረገላት። ስልኩን ዘግታ ወደ ክምሩ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ሦስተኛው አልጋ ያንቺ ነበር» አለች። «ከላዩ ያፈስ ነበር፣ ከድር እስኪጠግነው ነው ዝም ያልኩሽ። ዛሬ ጨረሰ። አሁን ይኼ ሁሉ ዕቃ እያለ የት ላስተኛሽ?»

ጉድ ፈላ። ሻወር እወስዳለሁ ብዬ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ
ከሥራ በፊት ነገርኳት። መርከብ ነው ብዬ ሰው የጠራሁብሽ እኔ ነኝ አልኳት።

«ምን በደልኩሽ?»

«እኔ ካርቶን ሳሽግ አንቺ ኖርሽ» አልኳት።

ተነስታ የመኪናዬን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። ዕቃውን እራስሽ መልሺ ማለቷ ነው።

ከሺፍት ስወጣ ጭኜ ዞርኩ። የተቀበሉትን አደራ መመለስ ከስድብ ይብሳል። ኖርዝላንድ ሰፈር ያሉት ሰዎች በሩን ሳይከፍቱ አናገሩኝ፤ ሊንደን ሰፈር አንዷ ወይዘሮ ምን አጠፋሁ ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ጋሼ ይማም ሲሰድቡኝ ቆይተው፣ የእህታቸው ልጅ በትራክ ወደ ሜሪላንድ እንደሚመላለስ ትዝ አላቸውና ሁሉንም እዚህ አውርጂው አሉ። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ለሱ አልሰጡትም? እሱማ ይረሳል አሉኝ።

እትዬ ሰዓዳ ብቻ በጄ አላሉም። የልጃቸው የገንፎ ዱቄት በሐያት እጅ ካልሆነ አይሄድም። ይዤው ተመለስኩ።

ቅዳሜ
አልጋው ስለተለቀቀ ሐያት ነይ አለችኝ። ሱፐርቫይዘሩ ቫኬሽኔን አፕሩቭ አደረገ፤ የሚያደርሰኝ ግን ሐይቁ እስከሚያልቅበት እስከ ቡፋሎ ነው። እዚያ የሸራውን ምሰሶ አስተኝተው ወደ ቦዩ ይገባሉ፣ እኔ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ከኋላቸው ቆሜ ሳይ እንደገና እንደምቀና አውቀዋለሁ።

ወደ ሐይቁ ስንነዳ ሐያት ብዙም አላወራችኝም። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ግን ለሁለታችን ቡና ገዝታ መጣች፤ የኔን ስኳር አልረሳችም።

እሑድ
ጀልባዋ ላይ ነኝ። አልጋው ጠባብ ነው፣ ስገላበጥ ክርኔ ግድግዳ ይመታል። የእትዬ ሰዓዳ ዱቄት ሌላ ቦታ ስላልተገኘለት ትራሴ ሆኗል። ገና ከወደቡ ሳንወጣ ሆዴ ተገለባበጠ፤ ሐያት ሎሚ ቆርጣ ሰጠችኝና እየሳቀች ወጣች። ከድር ሰማዩን አልወደደውም፤ ነገ እንውጣ አንውጣ ገና አልታወቀም።

ለሜሮን ፎቶ ላክሁላት። «ታድለሽ! እኔ ነገ ሺፍት አለብኝ» ብላ መለሰች። ደግሜ አነበብኩት። ለሐያትም አነበብኩላት።

ለሜሮን መልስ አልጻፍኩላትም። ትንሽ ትቅና።