ገና ያልነጉ ቀኖች የተሞሉበት የፍሪጅ መዝገብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም በራስዎ ሆስፒታል መታከም የማያስፈልገውን ዓይነት ጤና።

እኔ ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት ወተት፣ እርጎና ቅቤ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። እርስዎ በዋናው በር በመኪና ስለሚገቡ አያውቁኝም፤ ነርሶችዎና ዘበኞችዎ ግን ያውቁኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምጽፍበት የማስታወሻ ደብተር አለኝ። የምጽፈው ቅኔም ምስጢርም አይደለም፤ ወተቱ ስንት ሰዓት መጣ፣ መብራት ስንት ሰዓት ሄደ፣ መቼ ተመለሰ፣ ማን ምን አለ፣ ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከዚያው ደብተር እያየሁ ነው። ነገሩን በተራ ቁጥር ያደረግሁት ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ነው። የሰው ወረቀት ሲቀርብልዎ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ የማየት ልማድ እንዳለዎትም ስለሰማሁ ለማሳጠር ሞክሬ ነበር፤ ስላልሆነልኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ የእህቴን ልጅ ለተግባር ልምምድ ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ በኬሚስትሪና በሒሳብ ዲ አምጥታለች፤ አልክድም። በተማረችበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው ሁልጊዜ የተቆለፈ ክፍል ስለነበር ብልቃጥ በእጇ የያዘችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው፤ ያንን ዓመት ግማሹን ፈርታ፣ ግማሹን አፍራ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ያመጣችው ውጤት በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ያማረ ነው፤ ያንን ገጽ የገለጠ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠማትም። ሰባት ቦታ አመለከተች፤ ሰባቱም መለሷት። በመድኃኒት ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደሩ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰላት። አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ደግሞ «እዚህ የምንይዘው የሰው ሕይወት ነው እናቴ፤ ባለ ሁለት ዲ ሱቅ ብትገባ ይሻላታል» ብሎ መከራት። ሱቁ የእኔ ስለሆነ ብዙም አልተቀየምኩም።

በስምንተኛው ላይ ነገሩን በንግድ ዓይን እንየው አልኳት። ሰው ሁሉ የሚሻማበትን ቦታ ተይና ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ጠይቂ አልኳት። ከእኔ ዘንድ እርጎ የምትወስደውን ነርስዎን፣ በመድኃኒት ክፍላችሁ ውስጥ የተጠላው ሥራ የቱ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «የፍሪጅ መዝገብ ነዋ እትዬ! ጠዋትና ከሰዓት እየተመላለሱ ቴርሞሜትር ማንበብ፤ ማን ይወደዋል?» አለችኝ። የእህቴ ልጅ በማግስቱ የፍሪጁን ሙቀት ልመዝግብ ብላ ማመልከቻ አስገባች። እርስዎም የመጀመሪያውን ገጽ አይተው፣ ፈገግ ብለው፣ «ለፍሪጅ ደግሞ ምን ውጤት ያስፈልጋል፤ ትግባ» አሉ። የዚያን ዕለት በደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ «ገባች።»

ሁለተኛ፤ በመድኃኒት መጋዘንዎ ላለው ወደር የሌለው ቅልጥፍና አድናቆቴን እገልጻለሁ። የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን መደርደሪያ ስትወለውል ቆይታ በሦስተኛው ቀን፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው፣ የጠዋቱን ሙቀት ልትጽፍ መዝገቡን ብትከፍት እስከ ሠላሳ ተሞልቶ አገኘችው። ጠዋት አምስት ዲግሪ፣ ከሰዓት አምስት ዲግሪ፣ ፊርማ። ጠዋት አምስት፣ ከሰዓት አምስት፣ ፊርማ። ወሩን የተሳሳተች መስሏት ሽፋኑን ገልብጣ አየች፤ ወሩ ያው ነው፤ ሃያ አንዱ ቀን ግን ገና አልነጋም። ሠራተኞችዎ በፍቅር «አቶ አምስት» የሚሏቸውን የመጋዘን ኃላፊ ብትጠይቃቸው፣ «የኔ ልጅ፣ የዚህ ፍሪጅ ጠባይ ከእኔም ካንቺም ይልቅ የታወቀ ነው። ወር ሲገባ ቁጭ እልና በአንድ ሻይ እጨርሰዋለሁ። ተቆጣጣሪ የሚፈልገው ሙሉ ገጽ ነው፤ ሰው የሚያስጨንቀው ባዶ ቦታ ሲያይ ነው» ብለው በአባትነት አስረዷት።

ቴርሞሜትሩ ከኢንሱሊንና ከክትባት ካርቶኖች ኋላ ወድቆ ነበር። አውጥታ፣ ጠርጋ፣ አነበበችው፤ ከዜሮ በታች ሦስት። የኋለኛው ረድፍ ካርቶኖች በበረዶ ከፍሪጁ ግድግዳ ጋር ተጣብቀዋል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ጉልበቱ አይመለስም፤ ይህን የተማረችው በሁለተኛው ገጽ ላይ ባለ ትምህርት ነው። በዕለቱ ቀድሞ በተሞላው «አምስት» ላይ መስመር አስምራ ያየችውን ከጎኑ ጻፈች። ከሰዓት ስትመለስ ጽሑፏ በነጭ ማጥፊያ ተለቅልቆ በላዩ ላይ አምስት ተጽፎበታል፤ ማጥፊያው ገና አልደረቀም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ መብራት። የእኔ ሱቅና የእርስዎ መጋዘን የምንጠቀመው ከአንድ ትራንስፎርመር ነው። ጀነሬተርዎ የቀዶ ጥገናውን ክፍልና የእርስዎን ቢሮ እንጂ መጋዘኑን አያዳርስም። የእህቴ ልጅ መዝገቡን በስልኳ አንስታው ስለነበር ያለፉትን ሁለት ወራት ከደብተሬ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። በእኔ ደብተር መብራት አሥራ አራት ጊዜ ሄዷል፤ ከእነዚህም አንዱ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሄዶ የተመለሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ያን ጊዜ እኔ በቤቱ የነበረውን ወተት በሙሉ ቦይ ውስጥ ደፍቻለሁ። በእርስዎ መጋዘን ሐሙስ አምስት፣ ዓርብ አምስት፣ ቅዳሜ አምስት ነው። እንዲህ ያለ ፍሪጅ የት እንደሚሸጥ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ወተት ሲበላሽ ይናገራል፤ ይሸታል፣ ይቋጥራል፣ ደንበኛውም አምጥቶ ፊቴ ላይ ይደፋዋል። የእርስዎ ብልቃጥ ግን ከተበላሸ በኋላም ከደህናው አይለይም። ይቀዳል፣ ይወጋል፣ በሽተኛውም አመስግኖ ይሄዳል።

አራተኛ፤ ከሱቄ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑን የሚወስደው ከእናንተ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስኳሩ አልወርድ ስላለው ሐኪምዎ መጠኑን ሦስት ጊዜ ጨመሩለት፤ በመጨረሻም «ተደብቀህ ጣፋጭ ትበላለህ፣ እኛን ግን ትዋሻለህ» ብለው በሰው ፊት ተቆጡት። ሰውየው ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ በየቀኑ በዓይኔ ስለማየው ቁጣው ለእኔም ተረፈኝ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ያስፈራት የደከመው መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ «አክስቴ፣ አንድ ቀን ደህናው ብልቃጥ ቢደርሰውስ? በዚህ መጠን ከተወጋ እኮ ተኝቶ አይነሳም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ብልቃጡን አስይዤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላክሁት፤ አሁን መጠኑን ከሥር ጀምረው እያስተካከሉለት ነው። እሱን የደረስኩበት ጎረቤቴ ስለሆነ ነው። ማለዳ ማለዳ በመድኃኒት መስኮትዎ ፊት የሚሰለፉትን ሌሎቹን አላውቃቸውም። አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ልቆጥራቸው ሞክሬ ነበር፤ አርባ ሦስት ላይ ተውኩት።

አምስተኛ፤ የእህቴን ልጅ ቢሮዎ ድረስ ጠርተው ስላነጋገሯት ቤተሰባችን ክብር ተሰምቶታል። የጠሯት፣ ያ ሌላው ሆስፒታል ስለ ልብስ ሰፊው ብልቃጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ በላከልዎ በማግስቱ መሆኑን እንደ አጋጣሚ ወስጄዋለሁ። ያየችውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፋ ይዛ ቀረበች። እርስዎ ግን ጽሑፏን ወደ ጎን ገፍተው የውጤት ወረቀቷን ሳቡና «በኬሚስትሪ ዲ ያመጣች ልጅ ናት ዛሬ ቴርሞሜትር የምታስተምረን?» አሉ። አቶ አምስትም «ልጅ ናት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ በረዶ አይታ ደንግጣ ነው» ብለው አማለዷት። ከዚያ ምንም ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ በንጽሕና የተገለበጠ አዲስ መዝገብ ከፊቷ ተቀመጠ። ሁሉም አምስት ነው፤ «ያነበበው ሰው» የሚለው ረድፍ ብቻ ባዶ ነው። ከአንድ እስከ ሠላሳ በዚያ ረድፍ ላይ ትፈርም፣ የምዘና ቅጿም «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ማህተም ይረፍበት፤ ካልፈረመች «የተሰጣትን ሥራ አታጠናቅቅም» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ከሠላሳዎቹ ቀኖች ስድስቱ እሷ ሆስፒታሉን ከመርገጧ በፊት ያለፉ ናቸው። እስከ ዓርብ፣ እስከ ወሩ ሃያ አምስተኛ ቀን፣ ቀነ ገደብ ስለሰጧት ደግሞ አምስቱ በዚያን ዕለትም ገና ያልነጉ ናቸው። «አስቢበት፤ አንድ ዓመት ረጅም ነው» ብለው አሰናበቷት። ድምፅዎ በጣም ለስላሳ እንደነበረ ነግራኛለች።

ልክ ነዎት፤ ረጅም ነው። ቅጹ ካልተሞላላት አትመረቅም፤ ዓመቱን ትደግማለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቷን ይዛ በየበሩ ስትዞር ደግሞ ከሁለቱ ዲ በላይ የእርስዎ ማህተም ያለበት «አታጠናቅቅም» ይጨመርባታል። አልዋሽዎትም፤ ሐሙስ ከሰዓት «ፈርሚና ውጪ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የከለከለኝ ደግነት አይደለም። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዕቃውን በሌላ ሰው ስም የሚያስመዘግበው ምን ሲመጣበት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልዋልኩትን ቀን ጽፌ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚጻፍ ላስረዳት አልቻልኩም። እሷ ግን ምክሬንም አልጠበቀች። ዓርብ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «አክስቴ፣ አንደኛ ዓመት ላይ የተሳሳትኩት ሳላውቅ ነው። ይሄን ግን አውቄ ነው የምሳሳተው» ብላ ሄደች፤ አልፈረመችም።

ስድስተኛ፤ ልመናዬ አጭር ነው። ፍሪጁን ያሽጉት። ከእሱ የወሰዱትን ሰዎች በየስማቸው አስጠርተው የሚወጉት መጠን እንደገና እንዲታይላቸው ያድርጉ፤ አዲስ ብልቃጥ ከማደልዎ በፊት እንጂ ካደሉ በኋላ አይሁን። ምክንያቱን ከላይ በአራተኛው ቁጥር ጽፌዋለሁ። የእህቴ ልጅ ቅጽ የዚህን ያህል አያስቸኩልም።

ይህን ሁሉ ታግሠው ካነበቡልኝ፣ ለበሽተኞችዎ ከሚሰጡት ጊዜ ላይ በመሻማቴ ከልብ እያዘንኩ፣ ላሳዩን አባታዊ ርኅራኄ ምላሹን የሚከፍልዎ ሌላ እንጂ እኔ አለመሆኔን በትሕትና እያስታወስኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከኋላው በር ፊት ለፊት ያለችው ወተት ነጋዴ፤
የባለ ሁለት ዲዋ ተማሪ አክስት

ግልባጭ፦
ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ከደብተሬ ሁለት ወር ቅጂ ጋር፤
ለዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ትምህርት ክፍል፣ ከውጤት ወረቀቷ ሁለተኛ ገጽ ጋር፤
በመድኃኒት መስኮቱ ፊት ለሚሰለፉት ሁሉ፣ በሱቄ በር ላይ በትልቁ ተለጥፎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ቅዳሜ፣ የእህቴ ልጅ ጋውኗን ለመመለስ ወደ መጋዘንዎ ሄዳ ነበር። አቶ አምስት ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብለው ኖሮ የሚቀጥለው ወር መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘችው። ከአንድ እስከ ሠላሳ ተሞልቷል፤ ሁሉም አምስት ነው። «ያነበበው ሰው» በሚለው ረድፍ ላይ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የእሷ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ተጽፏል፤ ፊርማዋም ተመስሎላታል። እንግዲህ ወሩ ሳይወጣ የሚሞት ሰው ካለ የእርስዎ ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚሞት ካለ ግን የእሷ እንዲሆን ታስቧል ማለት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሱቄ በተከፈተበት ሰዓት ሁሉ በባንኮኒው ኋላ በሰው ሁሉ ፊት ትቀመጣለች፤ ወተት የሚገዛም ሁሉ እዚህ እንዳያት በወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። እስካሁን ሃያ ስድስት ሰው ፈርሟል፤ ሦስቱ የእርስዎ ነርሶች ናቸው። ወረቀቱ የዛሬ ብቻ ነው። የነገውን ባዶ ትተነዋል፤ በእኛ ቤት ነገ ገና አልነጋም።