ሣሩን በመብሳቱ ስለታገደው ባልደረባችን

ለተከበሩ የጎልፍ ክለባችን ሥራ አስኪያጅ
ፎቅ ላይ፣ ባለ መጋረጃው ቢሮ

ጌታዬ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ፤ በተለይም ወገብዎ። ባለፈው ሰሞን ሙሉ ልብስዎን እንደለበሱ ሣር ላይ ተንበርክከው ቀዳዳ ሲመረምሩ ካየሁ ወዲህ፣ ስለ ወገብዎ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ አድርጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ቆመው ማንበብ ይቀልዎት እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ የሣር ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ እዚህ ሜዳ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። እርስዎ ከምንጣፍ ፋብሪካ ተዛውረው ከመጡ ሁለተኛ ወርዎን ይዘዋል። ምንጣፍም ሣርም የሚረገጡ እንደመሆናቸው ዝምድናቸው አይካድም፤ ልዩነታቸው ሣር የሚተነፍስ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህም በየዓመቱ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ግሪኑን፣ ማለትም ባንዲራ የተተከለበትን ለስላሳ ክብ ሣር፣ በማሽን እንበሳዋለን። ዓመቱን ሙሉ በእግርና በማጨጃ የተጠቀጠቀው አፈር ይላላል፣ ቀዳዳው ውስጥ አሸዋ እንጨምራለን፣ ሥሩ አየር ያገኛል፣ በሦስት ሳምንት ውስጥም ቀዳዳው የት እንደነበር የሚያውቅ አይገኝም። የሥራው ቀን ከወር በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የእርስዎ የእንኳን ደህና መጡ ግብዣ ማስታወቂያ ላዩ ላይ ስለተለጠፈበት ግን እንዳላዩት እረዳለሁ።

አሁን፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር፣ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አሥራ ስምንቱም ግሪኖች ተበሳስተው ባገኟቸው ማለዳ ብል የበላቸው መስሎዎት መደንገጥዎን ሰምቻለሁ፤ ከመጡበት ሙያ አንጻር አልፈርድም። አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልንም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ገንዘብ ያዡ፣ የጥበቃ ኃላፊውና የወጥ ቤት ኃላፊዋ ሦስት ቀን ሙሉ ሣር ላይ ተቀምጠው ቀዳዳ ቆጠሩ። ገንዘብ ያዡ ሦስት ሺህ አራት መቶ ላይ ደርሶ ስልክ ቢጠራበት ቁጥሩ ጠፋውና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ግን ያን ያህል የተከበረ ኮሚቴ እንደኛ ጭቃ የነካው ሰው ማነጋገሩ እንደማይገባ ይገባኛል።

2ኛ. «ሣሩ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ቀዳዳና ጉድጓድ እስከ ማምሻው ይደፈን» የሚለው ትእዛዝዎ በሚገባ ተፈጽሟል። የቀን ሠራተኞቹ ታዛዦች ናቸውና አምስት ግሪኖችን በሸክላ አፈር ደፍነው፣ በእግራቸው ጠቅጥቀው፣ ኳሱ የሚገባበትንም ጉድጓድ አብረው ደፍነውታል። በማግስቱ አንጋፋው አባላችን፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ኳሳቸውን በአራት ምት ባንዲራው ሥር አድርሰው መግቢያ አጡ። እሳቸው እንኳ በዘመናቸው እንዲህ ያለ ጉዳይ ቀርቦላቸው እንደማያውቅ ነግረውኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያንን ሸክላ እስከ ዛሬ በማንኪያ እየለቀምን ነው።

3ኛ. ሣሩ ቶሎ እንዲያገግም ብለው በቀን ሁለቴ ውኃ እንዲጠጣ ማዘዝዎ የአባት አንጀት ነው። ዝናቡ ግን ገና አላባራም። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይሄኔ ነው። ሰባተኛው ግሪን ላይ ትናንት ዳክዬ አርፎ አይተናል፤ የአባልነት ክፍያ እንዲጠየቅ ለኮሚቴው አመልክተናል።

4ኛ. ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ያቅተኛል። የኮሚቴው ድካም ፍሬ አፍርቶ፣ «የክለቡን ንብረት በመብሳት» የሚል የእግድ ደብዳቤ የተሰጠው የመብሻ ማሽኑ ነጂ ነው። የተበላሸውን ሁሉ በሽቦ ጠግኖ ስለሚያስነሳ ሁላችንም መሐንዲሱ እንለዋለን። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም። ዓርብ ዕለት ከሥራ ሊሰናበት እንደሆነ ስንሰማ ሁላችንም አዝነናል፤ እኔማ ከማዘንም አልፌ ተናድጃለሁ። ብሳ ያልኩት እኔ ነኝና።

ደብዳቤው ግቢ እንዳይገባ ስለሚከለክለው በየማለዳው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ አሸዋው የቱ ጋ እንደሳሳ እየጮኸ ይነግረናል። ባለቤቱ ደግሞ ቶሎ ውሰዱልኝ ብላ ልካብኛለች፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ የናና መደቧን በሹካ በስቶባታል። ናናው እንዴት እንዳማረበት ብነግርዎ ኮሚቴ ይልኩባታል ብዬ ትቼዋለሁ። የእኛ አሥራ ሦስት ግሪኖች ግን አሸዋ ሳይለብሱ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል፤ አሸዋ መበተኛውን ከእሱ በቀር የሚያስነሳው የለም፤ ፀሐዩ ሳይጠነክር ካልተሞሉ ሥሩ ይደርቃል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ከዓርብ በፊት ወደ ማሽኑ እንዲመለስ፣ ጥፋተኛ የግድ ካስፈለገም በእሱ ፈንታ እኔ እንድቀጣ በአክብሮት እለምናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ እንደማይለቅ አውቃለሁ፤ በእርስዎ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም።

እርስዎ የሚረግጡትን ሣር በየማለዳው ቀድሞ የሚረግጠው፣ ለጤናዎና ለወገብዎ ዘወትር የሚጨነቀው፣ ጭቃ ጫማውን በርዎ ላይ አውልቆ የሚገባው ታዛዥዎ፣
የሣር ክፍል ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ (ከተለጠፈ በኋላ በእስክሪብቶ የተጨመረ)፦ ዛሬ ጠዋት ሃያ የአሸዋና የማዳበሪያ መጠየቂያ ይዤ ቢሮዎ ስገባ፣ ስልክዎን ሳያቋርጡ ሁሉንም ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ። አሥራ ሰባተኛው የመሐንዲሱ እግድ መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ፊርማዎ እጅግ ያምራል፤ ማኅተምም አርፎበታል። አሁን ከመስኮትዎ ሥር አሸዋ መበተኛውን የሚያስጓራው እሱ ነውና፣ ድምፁ ከረበሸዎ መስኮቱን ይዝጉት፤ እስከ ማታ አይጨርስም።