ለዥኒቫ ክለብ የተሰጠ ዱባ

ሶኮሊቭካ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2018

ለልጄ ለናዛር፣

ጤናህ እንዴት ነው? ካዛኪስታን በረዶ መጣሉን በቴሌቪዥን ሰማሁ። እናትህ የሠራችልህን የበግ ፀጉር ካልሲ አድርግ፤ ጓደኞችህ ቢስቁብህ ይሳቁ። እኛ ደህና ነን፣ ላሟም ደህና ናት። ድንቹን አውጥተን ጨርሰናል።

በስልክ "ልምጣ ወይስ ኮንትራቴን እዚሁ ላድስ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ" ስትለኝ "እጽፍልሃለሁ" ብዬ የዘጋሁት ስልክ ስለማላምን ነው። የፖስታ ቤቷን ሠራተኛ ስቴፋንም አላምናትም። ግን መነጽሯ ከተሰበረ ወዲህ ደብዳቤ ከፍታ ብታነብም ግማሹን ነው የምታገኘው።

እንግዲህ ሊያስመጣህ ስለሚፈልገው ክለብ የማውቀውን ልንገርህ። ስሙን ዥኒቫ፣ አጨዳ ብለውታል፤ የሚታጨደው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። የክለቡ ባለቤት ሚሮን ስቴፓኖቪች የመንደሩን መሬት ሁሉ ተከራይቶ የሱፍ አበባ የሚዘራው ሰውዬ ነው፤ ታውቀዋለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ የከብት መስኩን አጥሮ የእግር ኳስ ሜዳ አደረገውና ከውጭ አገር ሣር አስመጣ። ገብቼ ዳሰስኩት፣ ሣር ነው። ቢሆንም ነገሩ አልጣመኝም። በመጀመሪያው ዓመት የአማተሮቹን ውድድር አሸነፉ፣ በሚቀጥለው ሁለተኛ ሊግን እንደ መተላለፊያ አልፈውት ወጡ፣ ዘንድሮ አንደኛ ሊግን እየመሩ ነው። በጸደይ ፕሪሚየር ሊግ ይገባሉ ይባላል። ይህቺ ዶሮዎቿ ከሰዎቿ የሚበዙ መንደር ፕሪሚየር ሊግ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ቄሱ ስብከቱን ያሳጠረው ለጨዋታው ለመድረስ ነው። እኔም አንድ ጨዋታ አያመልጠኝም፣ ግን የምሄደው ነቅቼ ለመከታተል ነው። ባለፈው በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። ሕዝቡ በደስታ ሲዘል እኔ "ይህ አይገባንም፣ ልጁ ራሱ ነው የወደቀው" አልኩ። ጎረቤታችን ፓናስ የሚፈለፍለውን የሱፍ ፍሬ ልጣጭ ትፍ አለና "ኦናፍሪ፣ አንተ እኮ የገዛ ሠርግህ ላይም ሙሽራዋን ቀይረውብኝ ይሆን ብለህ ዓይነ ርግቧን ገልጠህ ያየህ ሰው ነህ" አለኝ። ዙሪያዬ ያለው ሁሉ ሳቀ። ገልጬ ማየቴ እውነት ነው፤ ማየት ደግሞ አይጎዳም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ እባቡን አይቻለሁ። የጡብ ፋብሪካው ባለቤትም ለምርጫ ሲወዳደር ክለብ መሥርቶ ነበር፣ ያውም አንተን አጥቂ አድርጎ። ምርጫው አለፈና አንድ ጠዋት በሩ ተቆልፎ ተገኘ፤ መረቡን ሳይቀር ጠቅልለው ወስደዋል። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ አንተ ቦርሳህን ታቅፈህ እዚያው በር ላይ ዋልክ። በሞተር ሳይክሌ ልወስድህ ስመጣ "አባዬ፣ ምናልባት ቁልፍ ያለው ሰው ይመጣ ይሆናል" አልከኝ። ያን ቀን ያየሁትን ፊትህን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ነው ካዛኪስታን የሄድከው።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። የእመቤታችን የፖክሮቫ በዓል ነበር፤ ሽማግሌ የሚላክበትና ሠርግ የሚጀመርበት ሰሞን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለምሳ ልንቀርብ ስንል በሩ ተንኳኳ። ሚሮን ስቴፓኖቪችና አሰልጣኙ ዩኺም ናቸው። ልጃገረድ ሊጠይቁ እንደመጡ ሰዎች በጥልፍ ፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘዋል።

"እንደምን ዋላችሁ፣ እኛ አዳኞች ነን" አለ ሚሮን ስቴፓኖቪች ኮፍያውን አውልቆ፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ ወግ። "ቀበሮ እየተከተልን ነበር፤ ዱካው ደጃችሁ ላይ ጠፋብን። በሁለቱም እግሩ ኳስ የሚመታ ቀበሮ ነው።"

እናትህ እንደ ልጃገረድ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"ዱካው ካዛኪስታን ገብቷል" አልኩት። "መንገዱ በዚያ በኩል ነው።"

"ኧረ ጋሽ ኦናፍሪ፣ በበዓል ቀን እንግዳ በቁም አይመለስም" አለ ዩኺም፣ ጫማውንም ከወዲሁ እያወለቀ።

ተቀመጡ። እናትህ ምግቡን አቀረበች፣ እኔ ቮድካውን ቀዳሁ፤ ግን ለራሴ ትንሽ ነው፣ ጭንቅላቴ እንዲሠራ።

"የጡብ ፋብሪካው ሰውዬም ዳቦ ይዞ ነው የመጣው" አልኩ። "እርስዎ የሚሄዱት መቼ ነው?"

"እኔ እዚሁ መንደር ነው የተወለድኩት፣ ጋሽ ኦናፍሪ።"

"እሱም የሆነ ቦታ ተወልዶ ነበር።"

"በምርጫ አልወዳደርም። በእናቴ መቃብር!"

"ፕሪሚየር ሊግ ስትገቡስ የት ነው የምትጫወቱት? ይሄ የከብት መስክ ይፈቀድላችኋል?"

ሚሮን ስቴፓኖቪች ሹካውን አስቀመጠ። መልስ የሰጠኝ አሰልጣኙ ነው።

"አይፈቀድም። የተመልካች መቀመጫው እስኪሠራ ድረስ ከተማ ነው የምንጫወተው። እስከ መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ክለቡ ከዓመታት በኋላ ይኑር አይኑርም አላውቅም፤ ልዋሽዎት አልችልም። የማውቀው ናዛር ሠላሳ ሊሞላው እንደሆነና እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያረጀ እንደሆነ ነው።"

አግዳሚ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ለእኛ አልነገርከንም። አልቆጣህም፤ እኔም የማልነግርህ አለኝ። ግን ያኔ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ወደ ጎተራው ሄድኩና ዱባ ይዤ ተመለስኩ። ልጃቸውን የማይሰጡ ሰዎች ለሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት ዳቦውን መልሼ ዱባውን አሸከምኳቸው። ሚሮን ስቴፓኖቪች እንደ ቀይ ሥር ቀላ። መሬታችንን ሁሉ የያዘ ሰው በበዓል ቀን፣ መንደርተኛው አጥር ላይ ተደርድሮ እያየ፣ ዱባ ተሸክሞ ወጣ። ዩኺም መንገድ ላይ ተቀብሎ በብብቱ ያዘለት።

"ለዚያውም ትንሿን ዱባ" አለች እናትህ። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ሾርባውን ያለ ጨው ታቀርብልኛለች፣ ጨው ስጠይቅ ግድግዳውን ታያለች።

ትናንት ዘምቢል አንጠልጥላ ወጣች። የት እንደምትሄድ በመስኮት ስከታተል በዩኺም ቤት በኩል ታጠፈች። ስትመለስ ያቺኑ ዱባ ይዛለች።

"ምን ብለሽ አመጣሻት?" አልኩ።

"'ባሌ ተሳስቶ ነው፤ ይቺ ለአሳማው ያስቀመጥኳት ናት' አልኩት።"

"እሱስ?"

"'ይመለሱ ይሆናል ብዬ አልቆረጥኳትም' አለና ሰጠኝ።"

ይህም ያጠራጥራል። ሰው የተሰጠውን ዱባ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቆርጥ ለምን ያስቀምጣል?

እናትህ ግን ለጥርጣሬዬ ጊዜ አልሰጠችውም። ከትፋ በማሽላና በወተት ቀቀለቻትና ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠች። "ዱባዋን እኛው ከበላናት ለማንም አልሰጠንም ማለት ነው" አለች። "ካልፈለግህ አትብላ። እኔ ግን ልጄን ገና አላየሁትም።"

ብዙ አሰብኩ። ሚሮን ስቴፓኖቪችን አሁንም አላምነውም። ሣሩንም፣ ዳኛውንም፣ ያን የደረጃ ሰንጠረዥም አላምንም። በሩ ዳግመኛ አይቆለፍም ብዬ ልምልልህ አልችልም። ቢቆለፍ ግን ሞተር ሳይክሉ አሁንም ይሠራል።

ዱባዋን በላሁ። እናትህ ስትጨምርልኝም በቃኝ አላልኩም። የጠየቅከኝ መልስ ይኸው ነው፤ ከእኔ ሌላ አትጠብቅ።

በፖክሮቫ መጎናጸፊያዋን የዘረጋችው እመቤታችን አንተንም ትሸፍንህ። ጉልበትህን ትጠብቅልህ፤ ክፉ ሰው የወንድም ፊት ለብሶ አይምጣብህ።

አባትህ ኦናፍሪ

ማሳሰቢያ፦ ታኬታህን በሻንጣ አትስደደው፣ በእጅህ ይዘህ ተሳፈር። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩትን ሰዎች አላምናቸውም።