ኅዳር 31

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዲንቄ፣

የደሎ መና ሙቀት ተስማማሽ ወይ? አክስትሽ ጤቤስ በማር እያወፈረችሽ ይሆን? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ በብርዱ ይነጫነጫል።

ከሄድሽ አንድ ወር ሊሞላ ነው። በቀጥታ ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር።

የዝናቡን ልክ የምንመዘግብበት የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ሲጠፋ ቀኑን ስለሚረሳ፣ ማሽኑን የተከለልን ፈረንጅ ከመሄዱ በፊት ቀን የምትቆጥር ቺፕ ከነባትሪዋ እንደጨመረበት ታስታውሻለሽ። መስከረም ላይ ቀኑን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረች። መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀደመችና ከዝናቡ መዝገብ ጥቅምት 29 እና 30 ጠፉ። አለቃችን ጓድ ኃይለየሱስ «የሁለት ቀን ዝናብ ማን ወሰደው?» ብሎ ጮኸ።

ሠላሳ ዓመት ሬድዮ የጠገንኩ ሰው፣ ባትሪዋን ለካሁ፣ እግሮቿን በአልኮል ጠረግሁ፣ ላላ ያለውን ሁሉ በየድኩ። ምንም የለባትም። የተበላሸ ሰዓት ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል፤ ሁለቱንም ካደረገ የሰው እጅ አለበት አልኩ። ከኔ ሌላ የማሽኑ ክፍል ቁልፍ ያለሽ መዝጋቢዋ አንቺ ብቻ ነበርሽ። በሠራተኞች ስብሰባ ፊት «ልጄ ነካክታው ነው» ስል አንገትሽን ደፍተሽ ወጣሽ፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርሽ።

ከትናንት ወዲያ፣ ማክሰኞ ኅዳር 30፣ ማሽኑን ብከፍተው 31/3 ይላል። ኅዳር 31! መስከረም ሲያልቅ «አባኮ፣ ይቺ ሰዓት መስከረም ሠላሳ አንድ ትላለች እኮ!» ብለሽ የሳቅሽው ትዝ አለኝ። ያኔ «አትነካኪ» ብዬ ነበር ያባረርኩሽ። ቁጭ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ቺፗ የምታውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው፤ አንደኛው 31 ቀን፣ ሁለተኛው 28፣ ሦስተኛው ደግሞ 31። እኔ የኛን ቀን ሞላሁላት፣ እሷ በራሷ ልክ ቆጥራ ጥቅምትን በ28 ቆረጠችው። ጤነኛዋን ነው ስበይዳት የከረምኩት! ጳጉሜን ብትደርስማ ምን ልታደርገን ነበር?

ትናንት በዚያው ስብሰባ ግለሂስ አደረግሁ። የኛን ግለሂስ ታውቂዋለሽ፣ ከአፍ አያልፍም፤ የትናንቱ ግን ከልቤ ነበር። ከዚያ ከመሳቢያሽ ያገኘሁትን ደብተር አወጣሁ። ለካ በየቀኑ ከዝናቡ ልክ ጎን ትክክለኛውን ቀን በእጅሽ ትጽፊ ኖሯል። ጓድ ኃይለየሱስ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ሁለቱም ቀኖች እዚህ አሉ» አለ። ቀጥሎም «ቦታዋ አልተያዘም፣ ትምጣ» ብሏል።

ቺፗን አሁን በፈረንጅ ቀን ሞልቻታለሁ። ቀኑን ወደ ኛው አቆጣጠር የሚመልስ ሰው ግን ያስፈልጋል፣ እኔን እንደሆነ ማንም አያምነኝም። ይቅር በይኝ ልጄ። እናትሽ ካለፈች ወዲህ ቤቱ ለሁለታችን ልክ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሰፋ።

እመቤታችን የተራራውን መንገድ በሰላም ታሳልፍሽ። የምትመጪበትን ቀን በኛው አቆጣጠር ጻፊልኝ። ጎባ አውቶቡስ መቆሚያ እጠብቅሻለሁ፤ አንድ ቀን ብቀድም እንጂ አልዘገይም።

አባትሽ
ጉሉማ