የኔአለም ያልጣለችው ጥርስ

ልጄ ዘመናይ፣ እንደምን ከርመሻል? ኪዳነ ምሕረት በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኛ ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አባትሽ ጉልበቱን እያመመው አውድማ ካልዋልሁ ይለኛል።

ከእሱ የባሰችብኝ ግን ልጅሽ የኔአለም ናት። የፊት የወተት ጥርሷ ወለቀ። እንደ ወጉ ጣራው ላይ ወርውሪውና አሞራ አዲስ ያምጣልሽ ብላት፣ «እማዬ ሳታየው አልጥለውም» ብላ በነጠላዬ ጫፍ አስቋጠረችኝ። በስልክ እናሳያት አልኋት፤ «በእጇ ካልያዘችው አይሆንም» አለች። ካልጣልሽው አዲሱ አይበቅልም ብዬ ባስፈራራት ደግሞ፣ «ይቆይ፤ እማዬ ስትመጣ ይበቅላል» ብላኝ እርፍ! በማን እንደወጣች አንችው ታውቂዋለሽ።

ትናንት ፊቷን ሳጥባት ድዷን በጣቴ ዳበስሁት። አዲሱ ጥርስ ብቅ ብሏል። እሷ ገና አላየችውም፤ እኔም ልነግራት አልቻልሁም።

የሄድሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ፤ ደጃችን መምጫሽን ያሳየን። ልጄ፣ አደራ፣ እሑድ ስትደውይ «ጣይው» በያት። አንችን ትሰማለች። ጥርሱ እናቷን ሳይጠብቅ መብቀሉን ሳታውቅ በያት።

እናትሽ አሰገደች
ከይጁቤ